ጢስ ዓባይ ዛሬ ስንት ውኃ አለው? እንግዳው ከባሕር ዳር ሳይነሣ ይነገረው

ለጢስ ዓባይ ጉብኝት፣ ለውኃው አለቃቀቅ፣ ለእግር መንገዱና ለጀልባው ኃላፊነት ላለባችሁ ሁሉ፤ እንዲሁም ፏፏቴውን ለማየት ለምታስቡ ወገኖች

የተከበራችሁ፣

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በባሕር ዳርና በጢስ ዓባይ እንግዳ እየመራን የምንተዳደር አስጎብኚዎች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጎብኚ ከባሕር ዳር ከመነሣቱ በፊት በዚያ ዕለት ፏፏቴው ላይ ምን ያህል ውኃ እንዳለ፣ የእግር መንገዱ ደረቅ ይሁን ጭቃ፣ ጀልባው ይሥራ አይሥራ የሚያውቅበት ቋሚ አሠራር ይኑር። የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ብዙውን በራሳችን እጅ መጀመር እንችላለን። የናንተ እጅ የሚያስፈልግበትን ቦታ ከታች በዝርዝር እንገልጻለን።

ብዙው ኢትዮጵያዊ ጢስ ዓባይን መጀመሪያ ያወቀው ከኪሱ ነው። በወረቀቱ አንድ ብር ጀርባ ላይ የታተመው ፏፏቴ እሱ ነው። እንግዳውም ያንን ምስል በልቡ ይዞ ይመጣል፤ ምስሉም እውነት ነው። በመስከረም መጨረሻ ውኃው እስከ 400 ሜትር በሚደርስ ስፋት ተዘርግቶ ከ40 ሜትር በላይ ወደ ገደሉ ይወረወራል። ጢሱ ከሩቅ ይታያል፣ ማዶ የቆመ ሰው ልብሱ በጠሉ ይረጥባል። በግንቦት ደግሞ ያው ገደል አብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ሆኖ በአንድ ጎን ቀጭን ውኃ ብቻ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ይህም ጢስ ዓባይ ነው። ችግሩ ውኃው መቀነሱ ብቻ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ልጆቹን ይዞ የመጣው አባት ማዶ ገደሉ አፍ ላይ እስኪቆም ድረስ ይህን የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት እዚያ ቆመው የሚተርቱብን እንግዶች ጥቂት አይደሉም፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብለው ሲጠይቁም ተገቢ መልስ ይገባቸዋል።

መልሱ የሚጀምረው ከጣና ነው። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ9 ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎም ይጎድላል። ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ሆኖ ሳለ የሐይቁ ከፍታ ጫፍ የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ዝቅ የሚለው ደግሞ በሰኔ አካባቢ። ስለዚህ «ክረምት ነው፣ አሁን ሞልቷል» ብሎ በሰኔ መጨረሻ የሚገሰግስ ሰው ያዝናል። ዝናቡ በራሱ ላይ እየወረደበት፣ ጫማው በጭቃ ተይዞ፣ ፏፏቴው ገና አልሞላም። በነሐሴ ውኃው ይበዛል፣ ግን ይደፈርሳል። እንደ አንዳሳ ያሉ ገባር ወንዞች ከእርሻ ያጠቡትን አፈር ይዘው ዓባይን ከፏፏቴው በላይ ይቀላቀሉታልና። ብዛትንና ጥራትን አንድ ላይ ማየት ለሚፈልግ ጊዜው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ነው።

ይህ የተፈጥሮው ክፍል ነው፤ ሁለተኛው የሰው እጅ ነው። ከባሕር ዳር አጠገብ ሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በር ያለው ግድብ አለ። ከዚያ በታች፣ ፏፏቴው አጠገብ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ጢስ ዓባይ አንድ እና በ2001 እ.ኤ.አ. የተከተለው 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ሁለት የተባሉት የመብራት ኃይል ማመንጫዎች ይገኛሉ። እነዚህ ውኃውን ከፏፏቴው በላይ በቦይ ወስደው፣ ተርባይን አዙረው፣ ከፏፏቴው በታች ይመልሱታል። ተርባይን ያዞረ ውኃ በገደሉ ላይ አልወረደም ማለት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ሥራ ጀመረ፤ እሱ ውኃውን በቀጥታ ከሐይቁ ምዕራብ ወስዶ በዋሻ ወደ በለስ ተፋሰስ ይለቀዋል። ስለዚህ ዛሬ በገደሉ ላይ የሚወርደው ውኃ በሦስት ነገር ይወሰናል፦ በሐይቁ ከፍታ፣ በጨረጨራ በሮች አከፋፈት እና በታች ያሉት ማመንጫዎች በዚያ ሰዓት በመሥራት አለመሥራታቸው።

መብራት አያስፈልግም የሚል ሰው ከመካከላችን የለም፤ ቤታችንም የሚበራው በዚሁ ነው። የምንለው ሌላ ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያው፣ የሐይቁ ከፍታ፣ ከዝናብና ከወር ሊገመት ይችላል፤ ሁለቱ ግን የሚታወቁት በሩን በሚከፍተውና ማሽኑን በሚያስነሣው ሰው ዘንድ ብቻ ነው። ከጨረጨራ እስከ ፏፏቴው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላይ የተለቀቀ ውኃ ታች እስኪደርስ በሰዓታት የሚቆጠር ጊዜ ይወስዳል፤ ያ ጊዜ ለአንድ የስልክ ጥሪ ከበቂ በላይ ነው። ጥሪው ለጉብኝት ብቻም አይጠቅም። በበጋ ውኃው ሲቀንስ እንግዶች ወደ ፏፏቴው ግርጌ ወርደው በኩሬው ዳር ይቆማሉ፣ ልጆች ይዋኛሉ፣ የቀዬው ሰው ልብስ ያጥባል። ውኃው ሲለቀቅ ማንም ካልነገራቸው የሚያስጠነቅቃቸው የውኃው ድምፅ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ድምፁ ሁልጊዜ አለ፣ ጨመረ ብሎ ለመለየት ጆሮ ይቸግረዋል። የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ስለ ሆነ ይህኛውን ከሁሉም አስቀድማችሁ እንድታዩልን እንለምናለን።

ስለ መንገዱ። ሁለት አማራጭ አለ፤ ብዙው እንግዳ ግን ልዩነቱን የሚያውቀው ከተሳሳተ በኋላ ነው። ረጅሙ በዓላታ ድልድይ በኩል ያለው ነው። ከቀበሌው ትኬት ተቆርጦ ትንሽ ከተሄደ በኋላ ድንጋያማ ቁልቁለት ይጀምራል። ድንጋዩ ጥቁር ባዛልት ነው፤ ለዘመናት የሰው እግርና የአህያ ኮቴ እየረገጠው ለስልሷል። ደረቅ ሲሆን ምቹ ነው፣ ሲርስ ግን ሳሙና ነው። ሰው የሚወድቀው ደግሞ ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው፤ ክብደቱን ተረከዙ ላይ ጥሎ ወደ ኋላ ስለሚደገፍ ተረከዙ ይሸሻል። ጉልበትን ትንሽ አጥፎ፣ እርምጃን አሳጥሮ፣ መሐል መሐሉን ከለሰለሰው ድንጋይ ይልቅ ዳር ዳሩን ሣር ያለበትን መርገጥ ይሻላል። ልጆቹ የሚያከራዩት ዱላ ለጌጥ አይደለም፤ በመስከረም ያለ ዱላ መውረድ አንመክርም።

ከቁልቁለቱ በታች ዓባይ በጠባብ የድንጋይ ጉሮሮ ውስጥ ሲያልፍ ድልድዩ በላዩ ቆሞ ይገኛል። በ1626 እ.ኤ.አ.፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ፣ በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ነው። ሰው ሁሉ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። ኖራን ለግንብ መጠቀም ግን ከሕንድ በመጣ ባለሙያ እንደ ታወቀ የዘመኑ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጽፈዋል፤ ድንጋዩን ያመላለሰውና የገነባው ጉልበትም የዚሁ አገር ሰው ነው። ለዚህ ድልድይ አሥር ደቂቃ ስጡት። ጎንበስ ብሎ ወደ ታች ያየ ሰው ያ ሁሉ ሰፊ ውኃ እንዴት በዚህች ስንጥቅ ውስጥ ሊያልፍ እንደ ቻለ ይደነቃል። ዳሩ ላይ ግን አትቀመጡ፤ መከለያው ዝቅተኛ ነው።

ከድልድዩ ወዲያ ዳገቱ በመንደር መሐል ያልፋል። ቅልና ፎጣ ይዘው የሚከተሉ ልጆች ይኖራሉ፤ እንግዳው የማይገዛ ከሆነ ከመጀመሪያው በትሕትና «አልገዛም» ማለት ይሻላል፣ «ስመለስ» ማለት ግን ቃል መግባት ነው፣ ልጁም እስኪመለስ ይጠብቃል። ከመመልከቻው ቀጥሎ የዓላታን ጅረት በተንጠልጣይ ድልድይ ተሻግሮ፣ ከፏፏቴው በላይ ወንዙ ጸጥ ካለበት በጀልባ አቋርጦ ወደ ቀበሌው መመለስ ይቻላል። ሙሉው ዙር ፎቶውን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። አጭሩ መንገድ ደግሞ በተቃራኒው በጀልባው ጀምሮ በዚያው መመለስ ነው፤ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡርና ጉልበቱ ለሚያመው የሚመከረው ይኸው ነው።

ያ ጀልባ በውኃ ሙላት ጊዜ ይቆማል፣ መቆምም አለበት። የሚሻገረው ከፏፏቴው በላይ ነው። ሞተሩ መሐል ላይ ቢጠፋ ውኃው የሚወስደው ወዴት እንደ ሆነ ለማንም አይጠፋውም። ነገር ግን መቆሙን እንግዳው የሚሰማው ረጅሙን መንገድ ጨርሶ፣ የያዘው የመጠጥ ውኃ አልቆበት፣ ፀሐይ ናላውን እየመታው ጀልባው ዳር ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ ምርጫው በመጣበት ዳገትና ቁልቁለት መመለስ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩሉ አራት ይሆናል፣ ወደ ባሕር ዳር የሚመልሰው መኪናም ከሰዓት በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። አንድ ቃል ቢነገረው ኖሮ ከመመልከቻው ይመለስ ነበር።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚደረግ አንድ ምሳሌ እናንሣ፤ የመረጥነው ሀብታም ከተማ ሳይሆን ሀብቱ ያለቀበት ከተማ ነው። በኒው ዚላንድ ደቡብ ደሴት፣ ኦታጎ ውስጥ፣ አሮውታውን የምትባል ትንሽ የቆየች የወርቅ ከተማ አለች። በ1862 እ.ኤ.አ. በአሮው ወንዝ ወርቅ ተገኘ፤ የማኦሪው ጃክ ቴዋና ዊልያም ፎክስ ስማቸው ከዚያ ጋር ይነሣል። በጥቂት ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሰው ወንዙን ሞላው። ወርቁ ሲሳሳ ብዙው ወደ ሌላ ስፍራ ነጎደ፤ ቀጥሎ ቻይናውያን ቆፋሪዎች መጥተው ሌላው የተወውን አሸዋ በትዕግሥት እንደገና አጠቡት። ትንንሽ የድንጋይና የጭቃ ቤቶቻቸው በወንዙ ዳር ዛሬም ይጎበኛሉ። ከከተማዋ ሽቅብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ማንም የማይኖርባት ማስታውን የምትባል የወርቅ ሰፈር አለች፤ መንገዱ ወንዙን ከ20 ጊዜ በላይ ያቋርጣል፣ ዝናብ ሲጥልም ወንዙ ሞልቶ አያሻግርም።

የአሮውታውን ጎብኚ ከወንዙ ዳር በክራይ በያዛት ሣህን ወርቅ ያጥባል። ጎብኚን የሚይዘው ምን እንደ ሆነ በዚህ ይታያልና አሠራሩን ጠጋ ብለን እንይ። አሸዋው ከየትም አይዛቅም። ወርቅ ከባድ ስለ ሆነ ውኃው በሚዘገይበት ይወድቃል፦ በወንዙ እጥፋት ውስጠኛ ጎን፣ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ በታችኛው አለት ስንጥቅ ውስጥ። ሣህኑ እስከ ሁለት ሦስተኛው ይሞላል፤ ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ ጭቃው በእጅ ተፈትቶ፣ ትልልቁ ጠጠር ታጥቦ ይጣላል። ከዚያ ሳይዘነበል ወደ ግራና ቀኝ በፍጥነት ይናጣል። እዚህ ላይ ነው ጀማሪ የሚሳሳተው፤ ሳይንጥ ያዘነብላል፣ ወርቁም ገና ላይ ስላለ ከአሸዋው ጋር ይሄዳል። ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ይከብዳል፣ ተራው አሸዋ ግን 2.6 እጥፍ ብቻ፤ ስለዚህ በደንብ ከተናጠ ወርቁ ወደ ታች መስመጡ አይቀርም። ከተናጠ በኋላ ብቻ ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ የላዩን አሸዋ ውኃው እንዲጠርገው መተው፣ እንደገና መናጥ፣ እንደገና ማዘንበል። መጨረሻ ላይ ማንኪያ የማይሞላ ጥቁር አሸዋ ይቀራል፣ ከብረት ማዕድን የሆነ። ጥቂት ውኃ ጨምሮ ቀስ ብሎ ሲሽከረከር ጥቁሩ ይሸሽና ቢጫዋ ቅንጣት ወደ ኋላ ትቀራለች። እጁ ላይ ቅባት ያለበት ሰው ግን ደቃቁን ወርቅ ያጣዋል፤ ቅባት የነካው ቅንጣት ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳልና። በአገራችን በቤንሻንጉል በገበቴ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎችም በዚሁ የክብደት ሕግ ነው የሚሠሩት።

ያ ጎብኚ የሚያገኘው ቢኖር ከጤፍ ፍሬ ያነሰች ቅንጣት ናት፤ ከመጀመሪያውም ስለሚያውቅ አይከፋም። ከከተማዋ የሚነሡት የእግር መንገዶችም ርቀት ብቻ ሳይሆን የእግር ሰዓት በተጻፈባቸው ምልክቶች ይመራሉ። ወርቋ ያለቀባት ከተማ ይህን ካደረገች፣ ዓባይ ራሱ ያለን እኛ ውኃው ቀጭን በሆነበት ወር እንኳ እንግዳን ባዶ እጁን የምንሸኝበት ምክንያት የለም።

ውኃው ሲቀንስ የሚታይ ነገር አለና። የፏፏቴው ገደል ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ ጣናን ሐይቅ ያደረገው፣ ከደቡብ የዘጋው የዚሁ ዓይነት ፍሳሽ ነው። በበጋ ገደሉ ሲገለጥ ንብርብሩና ዐምዱ በዓይን ይቆጠራል፤ በመስከረም በጢሱ ተሸፍኖ አይታይም። ሌላም አለ። ከ40 ሜትር በላይ የሆነውን ይህን ገደል ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ዓሣ የለም። ስለዚህ የጣና ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ተነጥለው ለብቻቸው ተለወጡ፤ በባሕር ዳር ገበያ «ነጭ ዓሣ» የምንላቸው በአንድ ስም የምንጠራቸው ይሁኑ እንጂ ከ15 በላይ ዝርያዎች ናቸው፣ አብዛኞቹም ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ምሳ ላይ ነጭ ዓሣ የበላ እንግዳ ምክንያቱ ፊት ለፊቱ የቆመው ገደል መሆኑን ሲሰማ በሌላ ዓይን ያየዋል። ይህን ለመንገር የውኃ ሙላት አያስፈልግም፤ በመመልከቻው ላይ አንድ ሰሌዳና በደንብ የሠለጠነ አስጎብኚ ይበቃል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። በመመልከቻው ላይ አንድ የፎቶ ቦታ ይወሰን፤ ሁለት እግር የሚያክል ምልክት ድንጋዩ ላይ በቀለም ይቀባ። በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተረኛው አስጎብኚ እዚያ ቆሞ፣ ስልኩን ሳያጎላ፣ ያንኑ ገደል ከዳር እስከ ዳር ያንሣ። ቦታውና ሰዓቱ ካልተለዋወጡ የትናንቱን ከዛሬው ማወዳደር ይቻላል፤ ሰው ደስ ባለው ቦታ ካነሣ ግን ቀጭኑም ወፍራም ይመስላል። ፎቶው ከሦስት ቃል ጋር እስከ 2 ሰዓት በቴሌግራም ይለጠፍ፦ ውኃው ሙሉ፣ መካከለኛ ወይም ቀጭን፤ መንገዱ ደረቅ ወይም የሚያዳልጥ፤ ጀልባው የሚሠራ ወይም የቆመ። ያንኑ በባሕር ዳር መናኸሪያና በትኬት መስኮቱ ላይ በጠመኔ የሚጻፍ ጥቁር ሰሌዳ ይድገመው። ተረኝነቱን፣ ፎቶውንና ሰሌዳውን እኛ እንወስዳለን።

ከናንተ የምንሻው ሦስት ነው። የጨረጨራ በር አከፋፈት ሲለወጥና ማመንጫዎቹ ሲነሡ ለተረኛው የሚደውል አንድ ሰው እንዲመደብ፤ የትኬት ዋጋ ውኃው ቀጭን በሆነበት ቀን እንዲቀንስ፤ የጀልባው የጫና ልክ በሰው ቁጥር ጀልባው ላይ እንዲጻፍና ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት እንዲኖር። የሚቻል ሆኖ ቢገኝ ደግሞ በበጋ ለበዓላትና ለቅዳሜና እሑድ ቀን ላይ የሚለቀቅ ውኃ ቢኖር፣ ቀኑም ከሳምንት በፊት ቢታወቅ፣ እንግዳውን በዚያ ቀን እንድንመልስ ያስችለናል።

ለምትመጡ ወገኖች። ከመነሣታችሁ በፊት የጉዞውን መንገድ ሁኔታና ጸጥታ በዕለቱ ጠይቁ። በጠዋት ተነሡ፤ ቀስተ ደመናው የሚታየው ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ጢሱን ስትመታ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ አትፈልጉት። ለሰው አንድ ሊትር ተኩል ውኃ፣ ጥርስ ያለው ጫማ፣ ለስልካችሁ ላስቲክ ያዙ። ውኃው ተኝቶ በሚዘገይበት ዳር በባዶ እግር አትግቡ፤ የቢልሃርዚያ ትል በጣናና በአካባቢው አለ። ፏፏቴው የሚያምርበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ወቅት የወባም ወቅት ስለ ሆነ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ያለበት ክፍል ጠይቁ።

የመጀመሪያውን ፎቶ በመስከረም 1 ጠዋት ለመለጠፍ ተዘጋጅተናል። እስከዚያ ድረስ ከጨረጨራ የሚደውልልን ሰው ማን እንደ ሆነ ብታሳውቁን ስልኩን በተረኞቹ መዝገብ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንጽፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በባሕር ዳርና በጢስ ዓባይ የምንሠራ አስጎብኚዎች